«አልገባኝም» ማለት ለምን ነውር ሆነ?

(ለወላጆችና ለመምህራን ከቀረበ ንግግር)



መምህሩ ሰሌዳው ላይ ጽፎ ጽፎ ሲያበቃ ዞር ይልና «ገባችሁ?» ይላል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ብሎ ያስተጋባል። «ጥያቄ ያለው?» ጸጥ! ደወል ይደወላል፤ መምህሩ የጠመኔውን ብናኝ አራግፎ ይወጣል። ፈተናው ሲመጣ ግን ከ«አዎ» ባዮቹ ስንቱ ይወድቃል! ለመሆኑ ያ «አዎ» የማን ነበር?

እኔ የትምህርት ሥነ ልቦና አስተማሪ ነኝ። ዛሬ የማነሳላችሁም ይህንኑ ነው፤ ተማሪ ትምህርቱ ሲከብደው ለምን አይጠይቅም? ነገሩ ተራ ይመስላል። ቁጥሩን ስታዩት ግን ተራ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወስደው 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከ845 ሺህ በላይ ልጆች ተፈትነው ያለፉት 27,267 ብቻ ናቸው። የመጽሐፍ እጥረት፣ የመምህር ችግር፣ ጦርነት፣ ኩረጃ እያልን ምክንያቱን ስንቆጥር ከርመናል። ሁሉም እውነት ነው። እኔ አንድ ልጨምርበት። የወደቀው ልጅ ከዓመታት በፊት አንድ ቀን አንድ ነገር አልገባውም፤ ያን ቀን አልጠየቀም፤ የማግስቱ ትምህርት በዚያ ላይ ተደረበበት። ክፍልፋይ ያልገባውን ልጅ አልጀብራ ምን ብሎ ይግባው?

ቀደም ባለው ጊዜ በሥነ ልቦና ሊቃውንት ዘንድ እርዳታ መጠየቅ የጥገኝነት ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበር። ጎበዝ ማለት ብቻውን የሚወጣው ነው! ይህን አስተሳሰብ ከሞገቱት መካከል ሻሮን ኔልሰን ለጋል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት ጽሑፍ እርዳታ መጠየቅ ራሱ ችግር የመፍቻ ችሎታ መሆኑን ተከራከሩ። ጥያቄንም በሁለት ከፈሉት። አንደኛው ለመማር የሚጠየቅ ነው፤ «እዚህ ጋ ደርሼ ቆምኩ፣ መንገዱን አሳየኝ» የሚል። ሁለተኛው ለመገላገል የሚጠየቅ ነው፤ «መልሱን ስጠኝና ልሂድ» የሚል። የመጀመሪያው ልጁን ነገ ብቻውን እንዲቆም ያደርገዋል። ሁለተኛው ነገም ተመልሶ እንዲመጣ ያደርገዋል። እኛ አገር ሁለቱን ሳንለይ ወይ ሁለቱንም እንቆጣለን፣ ወይ ሁለቱንም እንሰጣለን።

እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ ስቱዋርት ካራቤኒክና ጆን ናፕ የኮሌጅ ተማሪዎችን አጥንተው አንድ የሚያስገርም ነገር አገኙ። ችግሩ በጨመረ ቁጥር ጠያቂው ይጨምራል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ አይደል? እስከ ተወሰነ ደረጃ ልክ ነው፤ ይጨምራል። ችግሩ ሲብስ ግን መልሶ ይቀንሳል! መካከለኛው ተማሪ ይጠይቃል፤ እየሰመጠ ያለው ዝም ይላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው አባባላችን በጥናት ተረጋገጠ ማለት ነው።

ልጁ ይህን ዝምታ ከእናቱ ማህፀን ይዞት ይወጣል? አይደለም። ቶማስ ጉድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት ጥናት ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል የሚጠየቁ ጥያቄዎችን ተከታትለዋል። በመዋዕለ ሕፃናት ደከም ያለውም ልጅ እንደ ጓደኞቹ ይጠይቃል። ክፍል በጨመረ ቁጥር ግን ዝም እያለ ይሄዳል። እንግዲህ ዝምታውን ያስተማርነው እኛ ነን! በመርሐ ግብሩ ላይ ያልተጻፈ፣ ግን ሁሉም ተማሪ የሚያልፈው ትምህርት ይህ ነው።

እንዴት አድርገን አስተማርነው? አሊሰን ራያንና ፖል ፒንትሪች እ.ኤ.አ. በ1997 የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆችን በሒሳብ ትምህርት ላይ አጥንተው ነበር። «አልችልም» ብሎ የሚያስብ ልጅ መጠየቅን እንደ ውርደት ያየዋል። ጥያቄው አፉ ላይ ይደርስና «ደደብ ነው ይሉኛል» ብሎ ይውጠዋል። ለማወቅ የሚማር ልጅ በጥያቄ ጥቅም ይታየዋል፤ ከሌላው በልጦ ለመታየት ብቻ የሚማር ግን ጥያቄ ገመናውን የሚያወጣበት ይመስለዋል። በዓመቱ ራያን ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር በ6ኛ ክፍል ላይ ባወጡት ሌላ ጥናት፣ ማን ከማን ይበልጣል የሚለው ጎልቶ በሚሰማበት ክፍል ተማሪዎች ከመጠየቅ ይበልጥ ይሸሻሉ። መምህሩ የልጆቹን ስሜትና ኑሮ ጭምር የእኔ ኃላፊነት ነው በሚልበት ክፍል ግን ደካማው ተማሪ የሚሸሸው ያን ያህል አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ልጃችን ካርዱን ይዞ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ምንድነው? «ስንተኛ ወጣህ?» ነው። «የጎረቤት ልጅ ስንተኛ ወጣች?» እንጨምርበታለን። የቱ ከበደህ ብሎ የሚጠይቅ ስንት ነው? ትምህርት ቤቱም ደረጃውን በአደባባይ ያነባል። ከዚያ ዞር ብለን «ጠይቁ እንጂ!» እንላለን። በምን አንጀታቸው?

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ ችግሩ እጥፍ ነው። ልጁ ትምህርቱ አልገባውም፤ አለመግባቱን የሚናገርበት ቋንቋም የለውም። አንድ ቃል ቢሳሳት ክፍሉ ይስቅበታል። ዝም ቢል ይሻለዋላ!

በ1997 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረውን የፕላዝማ ትምህርት የማያስታውስ የለም። በሳተላይት የሚመጣው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ሰከንድ ቆጥሮ ራሱ ይመልሳል፤ ያልፋል። ቴሌቪዥንን እጅ አውጥቶ ማስቆም አይቻል! ያንን ሲያዩ ያደጉ ልጆች ዛሬ ወላጆችና መምህራን ሆነዋል። «አንድ ለአምስት» የተባለውም መጣ። ተማሪ ለተማሪ ይረዳዳ የሚለው ሐሳብ በራሱ መልካም ነበር፤ በቄስ ትምህርት ቤቱም ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስጠናል። ግን አደረጃጀቱ ከላይ ወርዶ፣ የፖለቲካ መዋቅር ተቀላቅሎበት፣ ሪፖርት መጻፊያ ሲሆን ማን ልቡን ከፍቶ «አልገባኝም» ይላል? ጓደኛህ አስጠኚህ ይሁን ሪፖርተርህ ካላወቅህ አፍህን ትይዛለህ። እርዳታ የሚጠየቀው እምነት ባለበት ነው።

ዛሬ ደግሞ ስልኩ አለ። የቤት ሥራው መልስ በቴሌግራም ይመጣል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውም በሰከንድ ይጽፍለታል። ስልክ አይስቅበትም፤ አይቆጣውም። ስለዚህ ልጁ ከመምህሩ ይልቅ እሱን ቢመርጥ አይፈረድበትም። የምንፈራው መልስ ብቻ ተቀብሎ የሚገላገለውን ነው። «መልሱን ሳትነግረኝ የተሳሳትኩበትን አሳየኝ» ብሎ መጠየቅን የለመደ ልጅ በስልኩም ይማራል። ያንን ልማድ ግን ስልኩ አያስተምረውም፤ የምናስተምረው እኛ ነን።

ታዲያ ምን እናድርግ? በጀት የማይጠይቅ ጥቂት ነገር ልበል።

መምህራን፤ «ገባችሁ?» የሚለውን እንተወው። በምትኩ አንድ አጭር ጥያቄ ሰጥተን ሁሉም በደብተሩ ይሥራ፤ እየዞርን እንይ። በክፍለ ጊዜው ማብቂያ ስም የሌለበት ብጣሽ ወረቀት ላይ ያልገባቸውን ጽፈው ይስጡን። ክፍሉ በተማሪ ቢጨናነቅም ብጣሽ ወረቀት ይበቃል። በማግስቱ ሦስቱን ጥያቄ አንስተን እንመልስ፤ ያኔ እያንዳንዱ «ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም!» ይላል። ሲጠይቁንም መልሱን አንስጥ፤ «እስከየት ድረስ ሠራህ?» ብለን ከዚያ እንጀምር። «ይህን ደግሞ አታውቅም?» የምትለው ቃል ከአፋችን አትውጣ። አንድ ጊዜ የተነገረችው ልጅ ዓመቱን ሙሉ እጇን አታወጣም።

ወላጆች፤ «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለታችን በፊት «የቱ አልገባህም? ማንን ጠየቅህ?» እንበል። አስጠኚ ለመቅጠር አቅም ያላችሁም የቤት ሥራውን የሚሠራለትን ሰው አትቅጠሩ፤ ገንዘባችሁን ከፍላችሁ ልጃችሁን እያደከማችሁት ነው። አቅም የሌላችሁም አትሸማቀቁ። ያልተማረች እናት «እስቲ አስረዳኝ» ብላ ብታዳምጠው፣ ልጁ ሲያስረዳት የት ላይ እንደጠፋበት ራሱ ያገኘዋል።

የትምህርት ኃላፊዎች ቢሰሙኝም እሰየው። የመምህሩ ሥራ የሚለካው ምዕራፍ በመጨረሱ ብቻ እስከሆነ ድረስ ጥያቄ ጊዜ አባካኝ ሆኖ ይቀራል። ከሳምንቱ ውስጥ ለጥያቄ ብቻ የተመደበ፣ የሚከፈልበት ሰዓት ለመምህሩ ስጡት። ለወደቀው ልጅ ማካካሻ ከማዘጋጀት ሳይወድቅ መደገፉ ይረክሳል።

አባቶቻችን ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይሉ ነበር። ዛሬ ባለመጠየቅ የሚቀረው ሹመት አይደለም፤ ዕድሜ ልክ የሚበላበት እውቀት ነው። በክፍል ውስጥ «አልገባኝም» ለማለት ያልደፈረ ልጅ ነገ በቀበሌም፣ በፍርድ ቤትም፣ በሐኪም ፊትም የማያውቀው ወረቀት ላይ ፈርሞ ይወጣል። እንግዲህ የምለምናችሁ ይህችን ብቻ ነው፤ ነገ ጠዋት አንድ ልጅ «አልገባኝም» ሲላችሁ ከሁሉ አስቀድማችሁ «ጎበዝ!» በሉት።