ፊደሉ አንድ፣ ቋንቋው ልዩ ልዩ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ፣ ለኮምፒዩተር የተዘጋጀ ፕሮግራም በስልክ ላይ እንዲሁ የማይሠራበት ምክንያት ነው። ነገሩ የባለሙያዎች ብቻ መስሎ ቢታይም የፊደላችንን ዕድል የሚነካ ነውና ጥቂት እንድታዳምጡን እንለምናለን።

እኛ የራያ ልጆች ይህን ለመረዳት አንቸገርም። በቆቦ ገበያ አማርኛም ትግርኛም ይሰማል። የሁለቱ ፊደል አንድ ነው፤ ነገር ግን ፊደሉን የቈጠረ ሁሉ ሁለቱንም ቋንቋ አያውቅም። ፕሮሰሰሮችም እንዲሁ ናቸው። የሁሉም ትእዛዝ በ0 እና በ1 ይጻፋል፤ የትእዛዙ ትርጕም ግን ይለያያል። በብዙ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ያለው ወገን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1978 ኢንቴል ካወጣው 8086 የመጣ ነው። በስልኮቻችን ውስጥ ያለው ደግሞ በ1985 በእንግሊዝ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው አርም ነው። በአገራችንም ሁለቱ ተገናኝተዋል፤ በ2012 በወንጪና በወለንጪቲ ለሕፃናት የተሰጡት ታብሌቶች የአርም ወገን ሲሆኑ፣ ከዚያ ቀደም ለተማሪዎች የታደሉት ኤክስኦ የተባሉ ላፕቶፖች የኢንቴልን ቋንቋ የሚናገሩ ነበሩ።

ፕሮግራም ጸሐፊው ለሰው በሚገባ ቋንቋ ይጽፋል፤ ኮምፓይለር የተባለው አስተርጓሚ ወደ ፕሮሰሰሩ ቋንቋ ይመልሰዋል። ብዙ ጊዜ ሥራው የሚከናወነው ኀይል ባለው ኮምፒዩተር ላይ ነው፤ ትርጕሙ ግን ለስልኩ ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

አንደኛ፤ የተተረጐመው ፕሮግራም በተተረጐመበት ማሽን ላይ አይሄድም። አንዳንድ ፕሮግራም ደግሞ ሲዘጋጅ የማሽኑን ጠባይ ለማወቅ ትንሽ መፈተኛ ሠርቶ ያስኬዳል፤ የባዕዱን መፈተኛ ማስኬድ ስለማይችል ሥራው ይቆማል፣ ወይም የራሱን ጠባይ የሌላው አድርጎ ይመዘግባል። ለዚህ ከ2003 ጀምሮ ኪውኢሙ የተባለው፣ አንዱን ፕሮሰሰር ሌላውን እንዲመስል የሚያደርግ ፕሮግራም ይረዳል።

ሁለተኛ፤ ፕሮግራሙ የሚደገፍባቸው ሌሎች ፕሮግራሞችም ሁሉ ለስልኩ የተተረጐሙ መሆን አለባቸው። አንዱ እንኳ የኮምፒዩተሩ ሆኖ ከገባ ሥራው ይበላሻል።

ሦስተኛው ፊደላችንን ይመለከታል። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። «ሀ» ዩቲኤፍ ስምንት በተባለው አጻጻፍ 225፣ 136 እና 128 በተባሉ ሦስት ቍጥሮች ይቀመጣል። የሲ ቋንቋ «ቻር» የሚለው የቍጥር መያዣ፣ በሊኑክስ ላይ በተለመደው አሠራር፣ በአርም ከ0 እስከ 255 ይይዛል፤ በኢንቴል ወገን ግን እስከ 127 ብቻ ስለሆነ 225 የነበረው ከዜሮ በታች 31 ሆኖ ይነበባል። ስለዚህ በስልክ ላይ አማርኛን በትክክል ያነበበ ፕሮግራም በኮምፒዩተር ላይ ሊሳሳት ይችላል። የእንግሊዝኛ ፊደላት ሁሉ ከ128 በታች ስለሆኑ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚፈትን ሰው ይህን ስሕተት ከቶ አያየውም።

መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ ጸሐፊው «አንሳይንድ ቻር» ብሎ በግልጽ መጻፍ ነው። ነገር ግን ሕመሙን የሚያየው በአማርኛ የሚፈትን ሰው ነው። የሌላ አገር ባለሙያ ይህን ያስብልናል ብለን ብንጠብቅ ፊደላችን ወደ ኋላ ይቀራል።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ፕሮግራም ስትጽፉ በሁለቱም ወገን ፈትኑት፤ ፈተናውም በገዛ ፊደላችን ይሁን። ወላጆቻችንም በልጃችሁ እጅ ያለው ስልክ የጨዋታ ዕቃ ብቻ ሳይሆን የመፈተኛ መሣሪያም ሊሆን እንደሚችል እንድታስቡልን እንለምናለን።