የ120 ሰዓቱ ጥያቄ፦ የትዳር ጓደኛና የኑዛዜ ውርስ


በሬድመንድም ሆነ በመላው የዋሽንግተን ግዛት፣ ኑዛዜው ሌላ ካላዘዘ፣ የትዳር ጓደኛ የሚወርሰው ከሟቹ በኋላ ቢያንስ 120 ሰዓት በሕይወት መቆየቱ ሲረጋገጥ ነው። ባልና ሚስት በአንድ አደጋ ተከታትለው ቢያልፉ፣ የሁለቱም ንብረት ለአንደኛው ዘመዶች ብቻ እንዳይደርስ ሕጉ ይጠብቃል።

ተናዛዦች ግን ገደቡን ማራዘም ይችላሉ። ኑዛዜው ስድስት ወር ካለ፣ ባሏ በሞተ በአምስተኛው ወር ያረፈች ሚስት በኑዛዜው አትወርስም።

አዲስ አበባ ቤት ላለው ቤተሰብ ጉዳዩ ይከብዳል፤ በ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ኑዛዜ ከሌለ የትዳር ጓደኛ ወራሽ አይደለም፤ የሚቀረው የጋራ ንብረት ድርሻው ብቻ ነው።

ስለዚህ ሕግ አውጪዎች የኑዛዜ መረጃ በአማርኛ እንዲቀርብ ይደንግጉ፤ ተናዛዦችም ገደቡንና ተተኪ ወራሹን በግልጽ ይጻፉ።