የማናነበው ወረቀት

እህቶቼ፣ ዛሬ እሑድ ወጥታችሁ እዚህ ለመድረስ ስለበቃችሁ እግዚአብሔር ይመስገን። መውጣት ያልተፈቀደላቸው እህቶቻችንም አሉና የምነግራችሁን በስልክ አድርሱላቸው።

እኔም እዚሁ ቤይሩት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። አረብኛ መናገር ለመድኩ፤ ማንበብ ግን አልችልም ነበር። ማዳም የስምንት ወር ደመወዜን ይዛብኝ ሳለ አንድ ቀን ወረቀት አምጥታ «የኢቃማ ነው፣ ፈርሚ» አለችኝ። ፈረምኩ። ኋላ ጠበቃ ሲያነብልኝ ለካ «ደመወዜን በሙሉ ተቀብያለሁ» ይላል። እናቴ እኔን ለመላክ በሬዋን ሸጣለች። ያን በሬ እኔ በአንድ ፊርማ ደግሜ ሸጥኩት።

የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ1946 ሲወጣ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ አድርጓል። ስለዚህ «ለእኛ ሕግ የለም» ብለን ዝም እንላለን። ነገር ግን በፈረንጆች 2009 የወጣ፣ ለሁላችንም አንድ ዓይነት የሆነ የሥራ ውል አለ። ደመወዝ በየወሩ መጨረሻ በእጃችን እንዲሰጠንና ሁለታችንም ደረሰኝ ላይ እንድንፈርም ያዛል። ሦስት ወር በተከታታይ ካልተከፈለን ውሉን ማፍረስ እንችላለን። በ2014 ደግሞ አንድ የቤይሩት ዳኛ የአንዲት ፊሊፒናዊት ሠራተኛ ፓስፖርት እንዲመለስላት አዟል።

እንግዲህ ገንዘቡ እጃችሁ ሳይገባ አትፈርሙ። ያልገባችሁን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ለሚያነብ ሰው ላኩ። የተከፈላችሁበትን ቀንና መጠን በአማርኛ ጻፉ፤ የሐዋላ ደረሰኝ አትጣሉ። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ደውላችሁ ምክር ጠይቁ፤ ዝም ብላ የወጣችውን «ጠፋች» ብለው ያመለክቱባታል፣ አንዳንዴም «ሰረቀች» ይሉባታል። የሚመታችሁ ካለ ግን ነፍስ ይቀድማል፤ ውጡ። የበጎ አድራጎት ጠበቆች ከእኛ ገንዘብ አይጠይቁም።

እኔን ያዳነኝ በትራሴ ሥር ያኖርኩት የሐዋላ ደረሰኝ ነው። ለእናቴ በየወሩ ስልክ የነበረው ገንዘብ ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደቆመ ያሳይ ነበር። ጠበቃው ያንን ይዞ ተከራከረልኝ፤ ከዓመት በኋላ በስምምነት የአምስት ወሩን ተቀበልኩ። የሦስቱን ወር ፊርማዬ በላው።

እህቶቼ፣ ማንበብ አለመቻል አያሳፍርም። «አንብቡልኝ» ማለትን አትፍሩ። እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ።