ከሰልፉ የቀረው ጦር
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ዕድሜው ከ13 ወር ብዙም ስላልበለጠ አንድ ጦር ነው። ይኸውም በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ለሰሜኑ መንግሥት የተዋጋው 25ኛው ኮር ነው። ኮር ማለት ብዙ ክፍለ ጦሮች በአንድ ጄኔራል ሥር የሚሰበሰቡበት ነው። ዘመኑን የምንቈጥረው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ጦርነቱ በ1861 ሲጀመር የሰሜኑ ጦር ጥቁሮችን በወታደርነት አይቀበልም ነበር። ጦርነቱ እየረዘመ ሲሄድ ግን በሩ ተከፈተ፤ እስከ ፍጻሜውም ድረስ 180,000 ያህል ጥቁሮች ተሰለፉ። ከነርሱ ብዙዎቹ ከባርነት የወጡ ነበሩ። ነጩ ወታደር በወር 13 ዶላር ሲቀበል ጥቁሩ 10 ዶላር ብቻ ይታሰብለት ነበር፤ ከዚያም ላይ 3 ዶላር ለልብስ ይቀነስበታል። ምክር ቤቱ ይህን በደል ያረመው በ1864 ነው።

ዲሴምበር 3 ቀን 1864 ሁለት ኮሮች ፈርሰው ነጮቹ 24ኛው ኮር፤ ጥቁሮቹ 25ኛው ኮር ተባሉ። ይህ ክብር ነው ወይስ ማግለል? እኛ ሁለቱም ነው እንላለን። የጥቁር ወታደሮች ብቻ የሆነ ኮር ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ነገር ግን መኰንኖቹ ከጥቂቶች በቀር ነጮች ነበሩ። አዛዡ ጄኔራል ዋይትዘል በ1862 በሉዊዚያና ሳሉ ጥቁር ወታደሮችን ከማዘዝ እንዲነሡ የለመኑ ሰው ናቸው።

እኒሁ ሰው ኤፕሪል 3 ቀን 1865 የደቡቡ ዋና ከተማ ወደ ነበረችው ወደ ሪችመንድ ሲገቡ፤ ከፊት ከገቡት መካከል ጥቁሮቹ ወታደሮች ነበሩ። የሸሸው ጦር የለኰሰው እሳት ከተማይቱን ይበላት ነበር፤ የገባውም ጦር ማጥፋት ጀመረ። ትናንት ሰው የሚሸጥባትን ከተማ ትናንት የተሸጡ ሰዎች ከእሳት አዳኗት። ኤፕሪል 9 ጄኔራል ሊ እጃቸውን ሲሰጡም የዚሁ ኮር ብርጌዶች በስፍራው ነበሩ።

ሜይ 23 እና 24 ቀን በዋሽንግተን ታላቅ የድል ሰልፍ ተደረገ። በሰልፉ ላይ አንድም የጥቁር ሬጅመንት አልታየም። 25ኛው ኮር በፈረንሳይ ጦር ምክንያት የሜክሲኮን ድንበር እንዲጠብቅ ወደ ቴክሳስ ታዞ ነበር ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በሌላ ስፍራ የነበሩት የጥቁር ሬጅመንቶችስ ለምን አልተጠሩም? በቴክሳስም ብዙዎቹ አትክልትና ፍራፍሬ በማጣት በሚመጣው በስከርቪ በሽታ ታመሙ። ጃንዋሪ 8 ቀን 1866 ኮሩ ፈረሰ።

አንዳንዱ ወዳጃችን «የ13 ወር ጦር ምን ያስተምራል?» ይለን ይሆናል። የሚያስተምረን ይህ ነው፤ ሥራን የሚሠራ አንድ ነው፤ የሥራውን መዝገብ የሚጽፍ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። በኖቬምበር 1865 በሃሪስበርግ ጥቁሮቹ ዜጎች ለወታደሮቻቸው የራሳቸውን ሰልፍ አደረጉ። ሌላው እስኪያስታውሳቸው አልጠበቁም።

እንግዲህ እኛም የታሪክ መጽሐፍ ስንገልጥ በሰልፉ ያለፈውን ቈጥረን አንዝጋው፤ ማን እንደ ጐደለና ለምን እንደ ጐደለ እንጠይቅ። ለተማሪ የሚገባው ሥራ ይህ ነውና።