የሕፃን አካል አማና ነው
(በመስጊዱ ኮሚቴ የመታሰቢያ ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



 



ስለ ሕፃናት ጤና እንድናገር ስጋበዝ ብዙዎቻችሁ ስለ ምግብና ስለ ንጽሕና የምናገር መስሏችሁ ይሆናል። እኔ ግን የመረጥኩት በመካከላችን እምብዛም የማይነሣ ጉዳይ ነው። ይኸውም አንድ ሐኪም ወይም ተመራማሪ በአዲስ መድኃኒት ላይ ለሚያደርገው ጥናት ልጃችንን በሚፈልግበት ጊዜ የእርሱ ግዴታ ምንድን ነው? የእኛስ የወላጆች ኃላፊነት ምንድን ነው? የሚለው ነው። ነገሩን በደረሰ ታሪክ ላስረዳ።

በ1996 በሰሜን ናይጄሪያ ከባድ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ተነሣ። በዚያ ዓመት በአገሪቱ ከ100,000 በላይ ሰዎች ታመው ከ11,000 በላይ የሚሆኑት ሞቱ። የጥንት የንግድና የእስልምና ትምህርት ማዕከል በሆነችው በካኖ ከተማ የተላላፊ በሽታዎች ሆስፒታል በሕመምተኞች ተጨናነቀ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው የእርዳታ ድርጅት በዚያው ግቢ ክሎራምፌኒኮል በሚባለው የታወቀ መድኃኒት ሰዉን ያክም ነበር። በዚህ መካከል ፋይዘር የተባለው የአሜሪካ መድኃኒት ኩባንያ ትሮቫን የሚባል አዲስ መድኃኒት ይዞ መጣ። 200 ሕፃናት ተመርጠው ለ100ዎቹ ትሮቫን፣ ለ100ዎቹ ደግሞ ለማነጻጸሪያ ሴፍትሪያክሶን ተሰጣቸው። ትሮቫን ከወሰዱት 5፣ ሴፍትሪያክሶን ከወሰዱት 6፣ በድምሩ 11 ሕፃናት ሞቱ። ሌሎች ልጆች ደንቁረው፣ ታውረው ወይም ሽባ ሆነው እንደቀሩ ወላጆቻቸው ተናግረዋል። የኩባንያው ቡድን ግን ወረርሽኙ ሳይበርድ ሥራውን ጨርሶ ተመለሰ።

ነገሩ በዓለም የታወቀው በታኅሣሥ 2000 ዋሽንግተን ፖስት የተባለው ጋዜጣ ካወጣው በኋላ ነው። ብዙ ወላጆች ልጃቸው በጥናት ውስጥ መግባቱን ፈጽሞ እንዳላወቁ፣ የተለመደ ሕክምና የሚሰጠው መስሏቸው እንደነበር መሰከሩ። የሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቀደበት የተባለው ደብዳቤም በኋላ ተጽፎ ወደ ኋላ ቀን የተሰጠው ሆኖ ተገኘ፤ ጥናቱ በተካሄደበት ጊዜ በሆስፒታሉ እንዲህ ያለ ኮሚቴ አልነበረም። ኩባንያው በበኩሉ ነርሶች በሐውሳ ቋንቋ አስረድተው ወላጆች በቃል መፍቀዳቸውን፣ በጥናቱ የሞቱት ሕፃናት ቁጥርም በወረርሽኙ ከሞተው ሰው አንጻር ዝቅተኛ መሆኑን በመግለጽ ተከራከረ። በ2009 ጥፋቱን ሳያምን ከካኖ ክፍለ ግዛት መንግሥት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። በ2011 ልጆቻቸው ለሞቱባቸው አራት ቤተሰቦች ለእያንዳንዳቸው 175,000 ዶላር ተከፈለ።

ወገኖቼ፣ በፍትሕ እንመዝን። ማጅራት ገትር ራሱ ይገድላል፤ ራሱ ያደነቁራል። ስለዚህ ከሞቱት ልጆች መካከል የትኛው በበሽታው፣ የትኛው በመድኃኒቱ ሞተ ብሎ መለየት አስቸጋሪ ነው። ነገር ግን ጥፋቱን በሬሳ ቁጥር ብቻ የምንፈልገው ከሆነ ዋናው ነገር ያመልጠናል። አንድም ሕፃን ባይሞት ኖሮ እንኳ፣ አባት ሳይነገረው ልጁን ለጥናት መውሰድ በደል ነው። ልጁን አዝሎ እየሮጠ የመጣ ሰው «ይህ ገና የሚጠና ነው፤ የታወቀው ሕክምና ደግሞ በዚያ በኩል አለ፤ ምርጫው ያንተ ነው» ሊባል ይገባው ነበር። ይህች አንዲት ንግግር ከቀረች ፈቃድ የሚባል ነገር የለም።

ሕክምና የሚደረገው ለታመመው ልጅ ጥቅም ነው። ጥናት የሚደረገው ግን ነገ ለሚመጡት ሕመምተኞች የሚሆን ዕውቀት ለማግኘት ነው። ልጁም ሊጠቀም ይችላል፤ ዓላማው ግን ሁለት ነው። አንዱን በሌላው ስም መስጠት፣ በሚዛን እንደሚያታልል ነጋዴ መሆን ነው።

በሃይማኖታችን ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። ልጅ የአላህ አማና ነው፤ ወላጅም ጠባቂው እንጂ ባለቤቱ አይደለም። ስለ የቲም ገንዘብ ቁርኣን ምን ያህል እንዳስጠነቀቀን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ወሊይ በየቲሙ ንብረት ላይ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ለየቲሙ ጥቅም መሆን አለበት። የሕፃን ገንዘብ እንዲህ ከተጠበቀ ደሙና አካሉ ምን ያህል ሊጠበቅ ነው? ለብድርስ ጽሑፍና ምስክር ታዝዞልን የለምን? ዛሬ የዓለም የጥናት ሥነ ምግባር ደንብም ማንበብ የማይችል ወላጅ ፈቃድ ሲሰጥ ከጥናቱ ነፃ የሆነ ምስክር አብሮ እንዲገኝ ያዛል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ታዲያ «እንግዲያው ጥናት የሚባለውን ሁሉ እንሽሽ» የሚል ሊኖር ይችላል። እኔ አይደለም እላለሁ። ሕፃን ትንሽ አዋቂ አይደለም። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ክሎራምፌኒኮል ብዙ ሰው ያዳነ መድኃኒት ነው። ነገር ግን በ1950ዎቹ አራስ ሕፃናት ከፍ ባለ መጠን ሲሰጣቸው ሰውነታቸው እየገረጣና እየጠቆረ ይሞቱ ነበር፤ የአራስ ጉበት መድኃኒቱን እንደ አዋቂ ጉበት ማስወገድ አይችልምና። ይህ በጥናት እስኪታወቅ ድረስ ብዙ ሕፃናት አለቁ። ለሕፃናት ሳይጠና የሚሰጥ መድኃኒት ሁሉንም ሕፃን ሳይነገረው ሙከራ ውስጥ ማስገባት ነው።

በሌላም በኩል እምነት ከጠፋ ዕዳውን የሚከፍሉት ራሳቸው ሕፃናት ናቸው። በ2003 የካኖ ክፍለ ግዛት የልጅነት ልምሻ (ፖሊዮ) ክትባትን አቋረጠ። ክትባቱ ያመክናል የሚል ወሬ ተናፍሶ ነበር፤ ወሬው ጆሮ ካገኘባቸው ምክንያቶች አንዱ ሕዝቡ በ1996 የደረሰበት ነው። ክትባቱ የተጀመረው በ2004 ከሙስሊም አገር ከኢንዶኔዥያ የመጣ ክትባት ተመርምሮ ከቀረበ በኋላ ነበር። በዚያ መካከል ግን ቫይረሱ ከሰሜን ናይጄሪያ ተነሥቶ ድንበር እየተሻገረ ሄደ። በሱዳን በኩል አገራችንም ደርሶ ለዓመታት ሳይታይ የቆየው በሽታ በ2005 በልጆቻችን ላይ እንደገና ታየ። አያችሁ! በካኖ ለአንድ አባት ያልተነገረ ቃል ስለ ካኖ ሰምቶ የማያውቅ የኢትዮጵያ ሕፃንን እግር ነካ።

በጎውንም ምሳሌ ላንሣ። አገራችን በማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ያለች ስትሆን፣ በ1981 እና በ1989 የደረሱትን ወረርሽኞች የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች በመካከላችሁ አሉ። ለዚሁ በሽታ ሜንአፍሪቫክ የተባለ ክትባት በሕንድ ተሠርቶ በ2006 በማሊና በጋምቢያ በሕፃናት ላይ ተጠና። ሙከራው የተደረገው በሽታው በሚፈጀው ሕዝብ መካከል ነው፤ ክትባቱም የተሠራው ለዚያው ሕዝብ ነው። ዋጋው ከአንድ ዶላር ግማሽ በታች እንዲሆን አስቀድሞ ታሰበበት። በ2010 በቡርኪና ፋሶ በዘመቻ መሰጠት ጀመረ፤ ከ2013 ጀምሮ ለእኛም ሕዝብ ተሰጠ። «ኤ» በሚባለው ጀርም የሚመጣው ማጅራት ገትርም ክትባቱ በተሰጠባቸው አገሮች ጠፋ ለማለት እስኪቻል ቀነሰ። እንግዲህ ጥናት ሁሉ አንድ አይደለም።

ስለዚህ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ሲመጣ ሳታፍሩ ጠይቁ። ይህ ሕክምና ነው ወይስ ጥናት? ልጄ ጥናቱ ውስጥ ባይገባ የሚያገኘው ሕክምና ምንድን ነው? ምን ጉዳት ሊያመጣ ይችላል? ጉዳት ቢደርስ ማን ያክመዋል? ጥናቱን የፈቀደው የትኛው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ነው? የአዲስ መድኃኒት ሙከራ ከሆነስ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቅዶታልን? ነገ ሐሳቤን ብለውጥ ሕክምናው ይቀርብኛልን? ነገሩን በምታውቁት ቋንቋ ካልነገሯችሁ አትፈርሙ። ልጁም ነፍስ ያወቀ ከሆነ እርሱም ይጠየቅ፤ እምቢታውም ይከበር። በሚገባ ከተመለሰላችሁ ደግሞ መፍቀዳችሁ ለሌላው ልጅ የሚተርፍ በጎ ሥራ ነው።

ለእናንተ ለጤና ባለሙያ ወንድሞቼና እኅቶቼም አንድ ቃል አለኝ። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ፊት የቆመች እናት «እሺ» የምትለው ብዙ ጊዜ ስለገባት ሳይሆን ስለፈራች ነው። ያንን «እሺ» ፈቃድ ነው ብላችሁ አትቀበሉ። እምቢ ማለት እንደምትችል ራሳችሁ ንገሯት። ስለ እያንዳንዱ ሕፃን በአላህ ፊት የምንጠየቅበት ቀን አለ፤ ያን ቀን የተፈረመ ወረቀት ብቻውን አያድነንም።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ የታመሙትን ይማርልን፤ አማናችንን የምንወጣ ያድርገን። አሚን።