ከጻቮ ሜዳ እስከ ዋታሙ ሪፍ
የዛሬው ማብራሪያ የዱር አራዊትንና የሞቃት ባሕር ሪፍን በአንድ ጉዞ ለማየት ወደ ኬንያ የሚያቀኑ ጓደኛሞችን ይመለከታል። እነዚህ ተጓዦች እ.ኤ.አ. በ1948 የተቋቋመውን የጻቮ ፓርክ ዝሆኖች ከጎበኙ በኋላ፣ በ1968 ጥበቃ ወደ ተደረገለት የዋታሙ የባሕር ፓርክ በመኪና በሰዓታት ውስጥ ይደርሳሉ። ሪፍ ማለት ኮራል የተሰኙ ጥቃቅን እንስሳት በዘመናት ብዛት ከኖራ ድንጋይ የሚገነቡት የባሕር ውስጥ አምባ ሲሆን፣ ከውቅያኖስ ወለል 1 በመቶውን እንኳ ሳይሸፍን ከባሕር ፍጥረታት ዝርያዎች ሩብ ያህሉን ያስጠልላል። ኮራል አብዛኛውን ምግቡንና ቀለሙን የሚያገኘው በአካሉ ውስጥ ከሚኖሩ፣ አልጌ ወይም ዋቅላሚ ከሚባሉ ረቂቅ ሕያዋን በመሆኑ፣ የባሕሩ ሙቀት ከተለመደው ከፍተኛ መጠን በ1 ዲግሪ ያህል አልፎ ለሳምንታት ሲቆይ እነርሱን አስወጥቶ ይነጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ብዙ ሪፍ ያወደመውም ይኸው ነው። የነጣ ኮራል ወዲያው ባይሞትም ሙቀቱ ካልበረደ በረሃብ ያልቃል። ስለሆነም በኅብረት የሚጓዙ ወዳጆች ሙቀት በሚያዳክመው ሪፍ ላይ ሌላ ጉዳት እንዳይጨምሩ ኮራል ላይ ላለመቆም፣ ዛጎል ላለመልቀምና እንስሳትን ላለማስጨነቅ አስቀድመው ሊስማሙ፣ አንዱም የሌላውን ቸልታ ሊያርም ይገባል።