«አባታችን መጡ» ስህተት ነው እንዴ?



«አባታችን መጡ» የሚለውን፣ አንቱታ ላልተጻፈለት በደንብ የሚሠራ ሰዋስው አራሚ ብትሰጡት ያሰምርበታል። ባለቤቱ አንድ፣ ግሱ ብዙ ነዋ! ግን ቢሳሳትም የተሳሳተበት ደንብ ይታያል፤ ይታረማል። የማይክል ጋሰር ሆርንሞርፎም የአማርኛን ግስ የሚበትነው በደንብ ነው፣ አራሚ ባይሆንም።

ቻትጂፒቲ አንቱታውን ብዙ ጊዜ ከዐውዱ ይገምታል። «ለምን አረምከው?» ስትሉት ያማረ መልስ አያጣም፤ የሰጠው ምክንያት በእርግጥ ያረመበት ስለመሆኑ ግን ዋስትና የለም። ጋይንት ቤተልሔም ድጓ የተማራችሁ ታውቃላችሁ፤ የኔታ ዜማ ሲሰበር አስቁመው ምልክቱን ያሳያሉ።

እናም የተማሪ ውጤት የሚቆረጥበት ከሆነ ደንቡን የሚያሳየኝን እመርጣለሁ። ለራሴ ደብዳቤ፣ አልዋሽም፣ ሌላኛውን ነው የምከፍተው።